«ሰት»ን መሬት ላይ ዘርግቼ፦ የአንድ ቃል ፍቺዎችን የመደርደር ማስታወሻ

ቀን 1

ዛሬ ጀመርኩ። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል መውሰድ፣ ያገኘሁትን ፍቺ ሁሉ ካርድ ላይ መጻፍ፣ ካርዶቹን መሬት ላይ መዘርጋት፣ ከዚያ የትኛው ፍቺ ከየትኛው እንደተወለደ እያየሁ መደርደር። ቃሉ በእንግሊዝኛ ሦስት ፊደል ብቻ ነው፣ set። «ሰት»።

መጀመሪያ የአጻጻፉን ነገር ልጨርስ። «ሴት» ብዬ ብጽፈው ለድምፁ ይቀርባል፣ ግን ያኔ ማስታወሻው ሁሉ ስለ ሴቶች የሚያወራ ይመስላል። ስልክ ላይ «ሴቲንግ» ብለን ስንጽፍ ማንም አይደናገርም፣ ቃሉ ብቻውን ሲቆም ነው ችግሩ። ስለዚህ እዚህ «ሰት» እላለሁ።

ለምን ይሄን ቃል መረጥኩ? ስላሳሳተኝ ነው። ሥራዬ ትርጉም ነው። ከጥቂት ወራት በፊት የአንድ የአርማታ መጠገኛ ውህድ መመሪያ ወደ አማርኛ መለስኩ። መመሪያው ውስጥ አንዲት አጭር አንቀጽ አለች፣ «ሰት» ሦስት ጊዜ ይመጣባታል። መጀመሪያ የእንጨቱን ቅርጽ «ሰት» አድርግ ይላል፣ ቦታው ላይ አስቀምጥ ማለቱ ነው። ቀጥሎ ሰዓት «ሰት» አድርግ ይላል፣ ሙላ ማለቱ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ውህዱ «ሰት» እስኪያደርግ ድረስ ምንም ነገር አትጫንበት ይላል። እዚህ ጋ «እስኪደርቅ ድረስ» ብዬ ጻፍኩ። ብዙም ሳላስብ። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው።

ያነበበው ሰው የተባለውን አደረገ። ቶሎ እንዲደርቅለት ፀሐይ ላይ ሳይሸፍን ተወው። ተሰነጠቀ። አርማታ ግን የሚጠነክረው ስለደረቀ አይደለም። ሲሚንቶው ከውኃው ጋር ኬሚካላዊ ለውጥ እያደረገ ነው የሚጠጥረው፣ ውኃ ውስጥ ተነክሮ እንኳ ይጠጥራል። ቶሎ ከደረቀ ለውጡ ሳያልቅ ውኃው ያልቅበታል፣ ይደክማል፣ ይሰነጠቃል። ግንበኞች አርማታ ከሞሉ በኋላ ለቀናት ውኃ የሚያጠጡት ለዚሁ ነው። እኔ የመረጥኩት ቃል ሰውየውን የመመሪያውን ተቃራኒ አስደረገው። በጣም ከነከነኝ፣ እስካሁንም ይከነክነኛል።

እንግዲህ ካርዶቹ መጡ። በፊት ለፊቱ አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር፣ በጀርባው አማርኛው። መዝገበ ቃላት ሳልገልጥ ከራሴ ብቻ ያወጣኋቸው 61 ሆኑ። ይሄን ያህል አልጠበቅኩም ነበር።

ቀን 2

ጠዋት መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩ። ትልቁን የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ማለቴ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለተኛ እትሙ በ20 ጥራዝ የወጣውን። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ እትም ውስጥ ረጅሙን ቦታ የያዘው ቃል ይሄው የእኔው «ሰት» ነው። ለግሱ ብቻ 430 ፍቺ። ማብራሪያውና ምሳሌዎቹ ወደ 60,000 ቃላት ይጠጋሉ፣ ብቻቸውን አንድ መጽሐፍ ይወጣቸዋል።

በአዲሱ እድሳት ግን «ራን» (run፣ ሮጠ) በልጦታል። ግሱ ብቻውን 645 ፍቺ ተቆጥሮለታል፤ ያዘጋጀው ፒተር ጊሊቨር ዘጠኝ ወር ፈጅቶበታል። አንድ ቃል፣ ዘጠኝ ወር። እኔ ደግሞ በሁለት ሳምንት እጨርሳለሁ ብዬ ነበር የተነሳሁት። በእርግጥ የእኔ ዓላማ ሌላ ነው፣ ሁሉንም መቁጠር አልፈልግም፣ ዘራቸውን ማወቅ ነው የምፈልገው።

እንደዚህ ካርድ እየዘረጉ መሥራት እኔ የፈጠርኩት አይደለም። ጄምስ መሬይ በ1879 የዚህ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሆኖ ሥራውን ሲረከብ፣ ከየአገሩ በጎ ፈቃደኛ አንባቢዎች ካነበቡት መጽሐፍ እየቀዱ በትንንሽ ወረቀት ምሳሌ ይልኩለት ነበር። ግቢው ውስጥ ባሠራት ክፍል ከሺህ በላይ ትንንሽ ሳጥን ያለው መደርደሪያ ነበረው፣ ልጆቹም ወረቀቶቹን በፊደል ተራ እየለዩ የኪስ ገንዘብ ያገኙ ነበር። በ1884 ባደረገው ንግግር ደስ የሚል ነገር ተናግሯል። ብዙ ፍቺ ያለው ቃል ሲያጋጥም አዘጋጁ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ወይም መሬት ላይ ዘርግቶ፣ አንዱ ፍቺ ወደ ሌላው እንዴት እንደተሻገረ እስኪታየው ድረስ ለሰዓታት እንደ ቼዝ ጠጠር ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሳቸዋል አለ። የመጀመሪያው ክፍል የታተመው በዚያው ዓመት ነው። መሬይ በ1915 ሞተ። ሥራው ያለቀው በ1928 ነው። እሱ ፍጻሜውን አላየም።

ከመዝገበ ቃላቱ የሚያስፈልጉኝን ጨምሬ ካርዶቹ 104 ደረሱ። የሳሎኑ ወለል ሞላ። አሁን በጠርዝ በጠርዙ ነው የምሄደው።

ቀን 3

የመጀመሪያው አደራደር አልሠራም። ስምን ለብቻ፣ ግስን ለብቻ፣ ቅጽልን ለብቻ አደረግኩ። ንጹሕ ሦስት ክምር ሆነ፣ ግን ምንም አልነገረኝም። «የተወሰነ ዋጋ» የሚለው ቅጽል «ዋጋ መወሰን» ከሚለው ግስ ተለይቶ ማዶ ተቀምጧል፣ አባትና ልጅን እንደመለየት ነው። በተንኩት።

ከሰዓት በኋላ ሌላ ነገር ሞከርኩ። ካርዶቹን ገለበጥኳቸው። እንግሊዝኛው ወደ መሬት፣ አማርኛው ወደ ላይ። ከዚያ በአማርኛው ግስ ደረደርኳቸው።

እዚህ ላይ ነው ያልጠበቅኩት የመጣው። 104 ካርድ 104 የተለያየ የአማርኛ ቃል ይዞ ይመጣል ብዬ ነበር። አንዳንዱ በእርግጥ ለብቻው ነው። ብዙዎቹ ግን በጥቂት ግሶች ዙሪያ ተሰበሰቡ።

ትልቁ ክምር «ያዘ» ነው፣ ዘጠኝ ካርድ። ማጣበቂያው ያዘ። ሲሚንቶው ያዘ። ቀለሙ ጨርቁን ያዘ። አበባው ወድቆ ዛፉ ፍሬ ያዘ። በእንግሊዝኛ እነዚህ ሁሉ «ሰት» ናቸው፣ አበባው በተዳቀለ ጊዜ ፍሬ መያዙ ሳይቀር። እኔ ደግሞ መመሪያው ላይ «እስኪይዝ ድረስ» ብል ኖሮ ምንም ነገር አይሰነጠቅም ነበር። ቃሉ እጄ ላይ ነበር። ማንም ግንበኛ የሚለው ቃል ነው።

ሁለተኛው «ቆረጠ» ነው፣ ሰባት ካርድ። ቀን ቆረጠ። ዋጋ ቆረጠ። ቆርጦ ተነሳ። ልቡ ቆርጧል። እንግሊዝኛው አንድን ነገር ቦታው ላይ አስቀምጦ «ከዚህ አይነቃነቅም» ይላል፣ አማርኛው ቢላ አንስቶ «እዚህ ጋ አለቀ» ይላል። ምስሉ የተለያየ ነው፣ የሚደርሱበት ቦታ ግን አንድ ነው።

ሦስተኛው «ገባ» ነው። ክረምቱ ገባ። ፀሐይዋ ገባች። አራት ካርድ ብቻ ናቸው፣ ግን እነሱ ላይ ረጅም ሰዓት ቆየሁ። እንግሊዝኛው ፀሐይን ያስቀምጣታል። እኛ እናስገባታለን፣ ወይም እናጠልቃታለን። «ምዕራብ» የሚለው ቃልም ከግእዙ «ዐረበ» የወጣ ነው፣ ፀሐይ ገባች ማለት ነው። ስለዚህ ምዕራብ ስንል «መግቢያዋ» እያልን ነው። «ምሥራቅ» ደግሞ ከ«ሠረቀ»፣ ወጣች። አቅጣጫዎቻችን ሁለቱም የፀሐይ በር ናቸው። ይሄን በቃል አውቀው ነበር፣ ካርድ ላይ ጽፌው ሳየው ግን ሌላ ነው።

አመሻሹ ላይ «ረጋ» የሚለውንም አገኘሁት። ወተት ረጋ፣ ጄሊ ረጋ፣ በእንግሊዝኛ «ሰት» ነው። ከቃሉ ቤተሰብ ደግሞ «ሰትል» አለ፣ ከድሮው የእንግሊዝኛ የ«መቀመጫ» ቃል የመጣ። ዝቃጭ ወደ ታች ሲወርድ፣ የተናደደ ሰው ሲበርድ፣ ሁለቱም «ሰትል» ናቸው። እኛም ፈሳሹን «ረጋ» እንላለን፣ የተቆጣውን «ረጋ በል» እንላለን። ሁለት የማይገናኙ ቋንቋዎች አንድ መንገድ ሲሄዱ ማየት ደስ ይላል።

ቀን 4

ታናሽ ወንድሜ መጣና በሩ ላይ ቆመ። «ይሄ ሁሉ አንድ ቃል ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «እና ዋናው ትርጉሙ የቱ ነው?» አለ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን የማውቅ መስሎኝ ነበር፣ ግን ስጀምር ተንተባተብኩ።

ስለዚህ ወደ ሥሩ ሄድኩ። የድሮው እንግሊዝኛ ሁለት ግስ ነበረው። አንዱ «ሲታን»፣ ተቀመጠ። ሌላው «ሰታን»፣ እንዲቀመጥ አደረገ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የተሠራ ነው፣ በመካከሉ ያለው አናባቢ ተለውጦ። ዛሬ «ሲት» እና «ሰት» የሚባሉት እነሱ ናቸው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይሄን ማስረዳት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ወንድሜን «ተቀመጠ በል» አልኩት። «ተቀመጠ» አለ። «ሌላውን ሰው እንዲቀመጥ ካደረግከውስ?» «አስቀመጥኩት»። በቃ። እኛ ፊት ለፊቱ ላይ «አስ» ወይም «አ» እንጨምራለን፣ እነሱ መሀሉን ይለውጣሉ። እንግሊዝኛ ይሄን ዘዴ ዛሬ አዲስ ቃል አይሠራበትም፣ የቀሩት ጥቂት ጥንዶች ናቸው፦ «ላይ» የሚሉት መተኛትና «ሌይ» የሚሉት ማስተኛት፣ «ፎል» የሚሉት መውደቅና ዛፍ መጣልን የሚሉበት «ፌል»። ለእኛ ግን ይሄ በየቀኑ የምንጠቀምበት ነው። በላ አበላ፣ ወጣ አወጣ፣ ተኛ አስተኛ። እንግሊዛዊ ልጅ በትምህርት ቤት የሚማረውን አማርኛ ተናጋሪ አፉን ሲፈታ ያገኘዋል።

«ስለዚህ ዋናው ትርጉሙ አስቀመጠ ነው» አለ ወንድሜ።

አዎ። ግን «አስቀመጠ» ብቻ አይበቃም። ዕቃ መሬት ላይ ዝም ብለህ ብትጥለው እንግሊዝኛው ሌላ ቃል አለው። «ሰት» የሚባለው ካስቀመጥከው በኋላ እዚያው እንዲቆይ ስታስብ ነው። መሐል ወለሉ ላይ ትልቅ ካርድ አስቀመጥኩና «አስቀመጠ፣ ቆየ» ብዬ ጻፍኩበት።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ቶሎ ቶሎ ሄደ። ድንጋዩን ቀለበቱ ላይ ተከለው፣ እዚያው ቆየ። የተሰበረውን አጥንት ወደ ቦታው መለሰው፣ እዚያው እስኪገጥም ቆየ። ጥርሱን ነከሰ፣ ፊቱ አልተለወጠም። አላርሙን ሞላ። (ይሄ «ሞላ» የሚለው ከድሮ ሰዓት የመጣ መሆን አለበት፣ ጠምዝዘው ከሚሞሉት። ስልክ ላይ ምንም የሚጠመዘዝ ነገር የለም፣ ዛሬም «አላርም ሞላሁ» እንላለን።) ዓይኑን ጣለ። ልማድ የያዘው ሽማግሌ። እነዚህን ሁሉ አንድ መስመር ላይ ደረደርኳቸው፣ ከመሐሉ ካርድ እየተነሱ።

የአደን ውሻም አለ፣ «ሰተር» የሚባል ዝርያ። ወፍ ሲያሸት ዝቅ ብሎ ያደፍጥና አይነቃነቅም፣ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። ይሄ ካርድ ከመሐሉ በጣም ቅርብ ነው፣ መቀመጥ ማለት ይቻላል።

ቀን 6

ትናንት አልሠራሁም፣ ሌላ የሚከፈልበት ሥራ ነበረኝ።

ዛሬ አስቸጋሪውን ክምር ያዝኩ። ከመሐሉ ጋር በግድ እንኳ የማይገናኙ 22 ካርዶች አሉ። የስኒ ስብስብ። የመፍቻ ስብስብ። አንድ ላይ የሚውሉ ሰዎች። የሒሳብ ስብስብ። ሙሉ ቀን እነዚህን ወደ «አስቀመጠ፣ ቆየ» ለመጎተት ታገልኩ። «አንድ ላይ የተቀመጡ ስኒዎች» ብዬ ላሳምን ሞከርኩ። ያስኬዳል፣ ግን ሲያስገድዱት ይታወቃል።

ከዚያ የቃሉን ታሪክ አነበብኩ፣ ተገላገልኩ። ይሄኛው «ሰት» ሌላ ቃል ነው! ከድሮ ፈረንሳይኛ የመጣ፣ ፈረንሳይኛውም ከላቲኑ «ሴክታ»፣ አንድን ሰው የሚከተሉ ተከታዮች። እንግሊዝኛው «ሴክት» ብሎ የሃይማኖት ክፍል የሚጠራበት ቃልም ከዚያው ነው። ማለትም «ሰት» በመጀመሪያ ስኒ አልነበረም፣ ሰዎች ነበሩ፣ አንድ ወገን። ከዚያ እንደ ድሮው ግስ ስለሚጠራ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ጀመረ፣ ፍቺዎቻቸውም ተነካኩ። ሁለት ወንዝ አንድ ላይ እንደሚገናኙ። ከመገናኛው በታች ብትቀዱ የትኛው ውኃ ከየት እንደመጣ መለየት አትችሉም።

ስለዚህ 22ቱን ካርዶች ከወለሉ ማዶ ለብቻቸው አስቀመጥኳቸውና በመሐል በኖራ ጠመኔ መስመር አሰመርኩ። ለእኛ መለየቱ ቀላል ነው፣ ሁሉም ማለት ይቻላል በአማርኛ «ስብስብ» ወይም «ሙሉ ዕቃ» ናቸው፣ አንዳቸውም «ያዘ» ወይም «ቆረጠ» አይሉም። አማርኛው የተደባለቀውን ወንዝ መልሶ ይለየዋል። ይሄ ነው በጣም ያስደሰተኝ።

የሒሳቡ ካርድ ላይ ትንሽ ልቆይ። ይሄ ሐሳብ የተወለደው በጀርመንኛ ነው። ጌኦርግ ካንቶር ከ1870ዎቹ ጀምሮ የሠራበት ቃል «ሜንገ» ነው፣ ብዛት እንደማለት። እንግሊዝኛው «ሰት» አለው። አማርኛው «ስብስብ» አለው። ሦስት ቋንቋ፣ ሦስት ምስል፦ አንዱ ብዛቱን ያያል፣ አንዱ ወገንነቱን፣ አንዱ የሰበሰበውን እጅ። ስብስብ ስትሉ አንድ የሰበሰበ ሰው ያለ ይመስላችኋል። ሒሳቡ ግን ሰብሳቢ አይጠይቅም፣ ማንም ያልሰበሰበው ወሰን የለሽ ስብስብም አለ። ተማሪ ሆኜ ይሄ ግር ይለኝ ነበር፣ ምክንያቱ ዛሬ ገባኝ፣ ቃሉ እጅ ስላለው ነው።

አንድ ካርድ ደግሞ ጭራሽ አወጣሁ። «አሰት» የሚለውን፣ ንብረት። ውስጡ «ሰት» ስላለ ከዘመዶቹ ጋር ደርድሬው ነበር። ዘመድ አይደለም። ከድሮ ፈረንሳይኛ «በቂ» ከሚል ቃል ነው የመጣው፣ ዕዳ ለመክፈል የሚበቃ ሀብት። መልክ ያመሳሰላቸው ባዕድ ነው። 103 ቀሩ።

ቀን 7

ምንም አዲስ ነገር የለም። ድመቷ ካርዶቹ ላይ ተንጎራደደች፣ ሦስቱን መልሼ አቀናሁ።

ቀን 9

ዛሬ በጣም የፈራሁት ቦታ ላይ ደረስኩ። ዘጠኝ ካርዶች አሉ፣ መሐሉን የሚቃወሙ። ለጉዞ ተነሳ፣ በእንግሊዝኛ «ሰት አውት» ወይም «ሰት ኦፍ»። ሥራ ጀመረ። እሳት ለኮሰ። እስረኛ ፈታ። ነገሩን አንቀሳቀሰ። ፈንጂ አፈነዳ። አንድን ነገር እንዲቆይ አስቀመጠ ከሚለው ቃል እንዴት «ተነሳ» ይወጣል? በአማርኛ «ተቀመጠ» እና «ተነሳ» ተቃራኒ ናቸው። አንድ ቃል ሁለቱንም ይሸከማል?

ሁለት ሰዓት ያህል እነዚህን ካርዶች ዞርኳቸው። መሬይ የተናገረው የቼዝ ጠጠር ነገር እውነት ነው።

መፍትሔው የመጣው ካርዶቹ መካከል ከተኛ አንድ ካርድ ነው፣ ከሩጫ ካርድ። በአጭር ርቀት ሩጫ፣ እስከ 400 ሜትር ባለው፣ አስጀማሪው ሁለት ትእዛዝ ይሰጣል። መጀመሪያ ሯጮቹ ወደ ቦታቸው ይገባሉ፣ አንድ ጉልበት መሬት ላይ፣ እጆች ከመስመሩ ጀርባ። ከዚያ «ሰት» ይላል። ሯጩ ዳሌውን ያነሳል፣ ክብደቱን ወደ እጆቹ ያመጣል፣ ከዚያ ቀጥ። አይነቃነቅም። ከተነቃነቀ እንደ ስሕተት ሊቆጠርበት ይችላል። ከዚያ ሽጉጡ። ከ400 ሜትር በላይ በሆነ ሩጫ ይሄ ትእዛዝ የለም፣ ቆመው ነው የሚነሱት፣ ስለዚህ ወደ ቦታ ከተባለ ቀጥሎ ሽጉጡ ነው።

ያንን ሰውነት በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት። ፍጹም ተቀምጧል፣ ፍጹም ረግቷል፣ ግን እያንዳንዱ ጡንቻ ለመነሳት ነው የተዘጋጀው። እዚያ ላይ «አስቀመጠ» እና «ተነሳ» አንድ ናቸው። ሰውን ወይም ነገርን አንድ ሁኔታ ውስጥ ማስገባት። ሁኔታው ማረፍ ሊሆን ይችላል፣ መንደድም ሊሆን ይችላል፣ ነፃ መውጣትም፣ መንገድ ላይ መሆንም። እሳት ያስነሳ ሰው እሳቱን የትም አላስቀመጠም፣ ቤቱን መንደድ ውስጥ አስገብቶታል። መንገደኛውም ራሱን መንገድ ላይ አስቀምጧል።

«ኦል ሰት» የሚባለውም እዚሁ ይገባል። ተዘጋጅቻለሁ፣ ምንም አልቀረኝም። ያው ሯጩ ነው።

በመሐሉ ካርድ ላይ «አስቀመጠ፣ ቆየ» ካልኩት ስር ሌላ መስመር ጨመርኩ። «ሁኔታ ውስጥ አስገባ»። ዘጠኙም ካርዶች አንድ በአንድ ገቡ። በእንዲህ ያለ ሰዓት ብቻዬን ስሆን እጮኻለሁ። ጮኽኩ።

ቀን 10

የእንጨት ሥራ ከሚያውቅ ጎረቤት ጋር ስለ መጋዝ አወራን፣ ያልነበረኝን ካርድ ሰጠኝ። የመጋዝ ጥርስ «ሰት» አለው። አቅርቦ አሳየኝ። አፉን ወደ ዓይናችሁ ትይዩ አድርጋችሁ በርዝመቱ ስታዩት ጥርሶቹ ቀጥ ብለው አልተሰለፉም። አንዱ በጣም ትንሽ ወደ ግራ ተዛንፏል፣ ቀጣዩ ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩ ወደ ግራ፣ እስከ መጨረሻው። ስለዚህ ጥርሱ የሚቆርጠው ቦታ ከመጋዙ ገላ ይሰፋል፣ መጋዙም እንጨቱ ውስጥ ሳይጨናነቅ ይሄዳል። ጥርሶቹ ካልተዛነፉ መሀል ላይ ይጣበቃል። ለማዛነፍ ትንሽ መቆንጠጫ መሰል መሣሪያ አለው፣ እያንዳንዱን ጥርስ በተራ ቆንጥጦ ይገፋል።

ጣቴን ሳብኩበት፣ ግራና ቀኙ ይታወቃል።

ይሄ ካርድ ከሁሉም ደስ ይለኛል። ምክንያቱም ጥርሱ የተቀመጠው ወደ ጎን ነው፣ ቀጥ ብሎ ሳይሆን። እንዲቆይም ተደርጓል። ልክ እንደ መሐሉ ካርድ። ከዚያው ንግግር ሌሎች ሁለት ካርድ አገኘሁ፣ የምስማር ራስ ወደ እንጨቱ ውስጥ መቅበሪያ መሣሪያና ማጣበቂያ የሚይዝበት ሰዓት። 106 ሆኑ።

ቀን 12

ዛሬ አንድ ነገር ስላስገረመኝ ከመተኛቴ በፊት ልጻፈው። የኅትመት ካርድ ነው። ድሮ ጽሑፍ የሚታተመው ከብረት በተሠሩ ፊደላት ነው፣ ሠራተኛው ከሳጥኑ አንድ በአንድ እያነሳ መስመር ላይ ይደረድራል። እንግሊዝኛ ይሄን «ታይፕ ሰቲንግ» ይለዋል። ፊደል ማስቀመጥ። እኛ «ፊደል ለቀማ» እንላለን፣ ሠራተኛውም ፊደል ለቃሚ ነው።

ያው አንድ እጅ ነው። እጁ ወደ ሳጥኑ ይሄዳል፣ ፊደሉን ያነሳል፣ ወደ መስመሩ ይመለሳል፣ ያስቀምጣል። እንግሊዝኛው ሥራውን የሰየመው እጁ ሲያስቀምጥ ባለችው ቅጽበት ነው። እኛ ሲያነሳ ባለችው። አንድ ሥራ፣ ሁለት ቅጽበት። ካርዱን ብዙ ጊዜ እያገላበጥኩ አየሁት።

ሌላው ነገር፣ ይሄ ለተርጓሚ ነው። «ሰት» ያለፈ ጊዜውም «ሰት» ነው። «ዘይ ሰት ዘ ፕራይስ» የሚል ዓረፍተ ነገር ብቻውን ቢመጣ ዋጋ ቆረጡ ይሁን ይቆርጣሉ አይታወቅም። እንግሊዝኛ አንባቢ ዝም ብሎ ያልፈዋል። አማርኛ ግን ማለፍ አይፈቅድልህም፣ ግሱን ስትጽፍ መወሰን ግድ ነው። እንደዚህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሲያጋጥመኝ ወደ ላይ ሁለት አንቀጽ፣ ወደ ታች ሁለት አንቀጽ አነባለሁ። እዚያ ካልተገኘ ደንበኛውን እጠይቃለሁ። አሁን ይሄን ብቻ የያዘ ትንሽ ካርድ ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌአለሁ።

ቀን 14

ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ወለሉ ነፃ ወጣ።

መሐል ላይ ትልቁ ካርድ። ወደ ላይ የሚወጣው ክፍል «ያዘ» እና «ረጋ» ነው፣ ነገሩ ራሱ የሚቆይበት። ወደ ቀኝ «ቆረጠ»፣ ሰው የሚወስንበት። ወደ ታች «ገባ»፣ ወቅቶችና ፀሐይ። ወደ ግራ «ተነሳ»፣ በሯጩ ካርድ በኩል አልፎ። ከሁሉ ራቅ ብሎ በቀይ ክር የታሰረ የ«ስብስብ» ክምር፣ ባዕድ መሆኑን እንዲያሳይ፣ አንድ ክር ብቻ ወደ መሐሉ ይሄዳል፣ መነካካታቸውን እንዲናገር።

ሦስት ካርድ ቦታ አላገኘም። አንደኛው የፊልም መቅረጫ ቦታ ነው። የሚቆም ትዕይንት ነው ልበል፣ ወይስ አብሮ የተዘጋጀ ዕቃ? ከሁለቱም ወንዝ የጠጣ ይመስለኛል። ሁለተኛው የቴኒስ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ስድስት ጨዋታ በሁለት ብልጫ የሚያሸንፉበት። ስብስብ ነው ብዬ እዚያ ልሰቅለው ነበር፣ ወንድሜ ግን «እሱ የሚያልቅ ነገር ነው፣ አይሰበሰብም» ብሎ አወረደው። እኔም አልተሟገትኩትም፣ ለጊዜው ታች ይቆይ። ሦስተኛው «አፕሰት» ነው። መጀመሪያ ወደ ላይ ማቆም ማለት ነበር፣ ዛሬ መገልበጥና ማሳዘን ማለት ነው። አንድ ቃል ከማቆም ወደ መገልበጥ እስኪሄድ በመሐል ምን እንደሆነ እስካሁን በወጉ አልታየኝም፣ ጠረጴዛዬ ላይ ነው ያለው።

ከዚያ መመሪያውን መልሼ አነሳሁት፣ ያቺን አንቀጽ። ሦስቱን «ሰት» በካርዶቹ አስታክኬ እንደገና ጻፍኳት። የእንጨቱን ቅርጽ ቦታው ላይ አስቀምጡና እንዳይነቃነቅ አጽኑት። ሰዓት ሙሉ። ውህዱ እስኪይዝ ድረስ ምንም አትጫኑበት፣ እስኪይዝም በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ ውኃ አጠጡት። የመጨረሻው ሐረግ እንግሊዝኛው ላይ እዚያ ጋ የለም፣ ከሁለት ገጽ በኋላ ነው የሚመጣው። እኔ ወደዚህ አመጣሁት፣ ቀደም ሲል በእኔ ቃል የተሳሳተው ሰው የሚያነበው እዚህ ጋ ስለሆነ። ለላኪው ያደረግኩትን ለውጥ ከነምክንያቱ ጽፌ ላክሁለት። ያጠፋሁትንም።

ማታ ወንድሜ ግድግዳው ፊት ቆሞ «ቀጥሎ ምን ትሠሪያለሽ?» አለኝ። «መታ» አልኩት። ኳስ መታ፣ ስልክ መታ፣ ዝናብ መታው፣ ብርድ መታው፣ ሰዓቱ ሦስት መታ። አማርኛችንስ ዘሩን የሚደረድርለት ሰው ለምን አይኖረውም? ባዶ ካርድ አነሳና የመጀመሪያውን ራሱ ጻፈ። «እንቅፋት መታኝ»።